አዲስ ብራውዘር፣ የለመደ ጣት

በጋምቤላ ከተማ ሥራውን በኮምፒውተር ወይም በስልክ የሚሠራ ሰው ብራውዘር የሚቀይረው ብዙ ጊዜ ወዶ አይደለም። የቢሮው ኮምፒውተር በቫይረስ ተቸግሮ ፎርማት ይደረግና፣ በለመደው ክሮም ፋንታ ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ኤጅ ብቻ ተጭኖ ይመለስለታል። በራሱ ላፕቶፕ በክሮም ሲሠራ የኖረ ተማሪ ኮምፒውተር ላብ ሲገባ ኡቡንቱ ላይ ያለ ፋየርፎክስ ይገጥመዋል። ሌላዋ ስልኳ ተሰብሮባት፣ በኦፔራ ሚኒ የለመደችውን ሁሉ በአዲሱ ስልክ በክሮም ትጀምራለች። ለዓመታት በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የሠሩትንም ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2022 ድጋፉን አቋርጦ ወደ ኤጅ አሻግሯቸዋል።

ገጾቹ አልተለወጡም። ኢሜይሉ ያው ኢሜይል፣ የሥራ ማስታወቂያውም ያው ማስታወቂያ ነው። ግራ የሚያጋባው ገጾቹን የሚይዘው ታብ ነው። አዲስ ገጽ ሲከፈት ካልታሰበበት ቦታ ይቀመጣል፤ አንዱ ሲዘጋ ያልተጠበቀ ገጽ ፊት ለፊት ይመጣል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ተከፍተው የነበሩት ገጾች የሉም። ተጠቃሚው «ይሄ ብራውዘር አይረባም» ብሎ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ይቸኩላል።

ነገሩ ግን የመርባትና ያለመርባት ጉዳይ አይደለም። እያንዳንዱ ብራውዘር አራት ጥያቄዎችን በራሱ መንገድ ይመልሳል። አዲስ ታብ የት ይከፈት? አንድ ታብ ሲዘጋ ተጠቃሚው የት ይረፍ? ከታብ ወደ ታብ በምን ቅደም ተከተል ይኬድ? ብራውዘሩ ሲጠፋስ ምን ይቀራል? የቀድሞውን ብራውዘር መልሶች ጣታችን ለምዷቸዋል፤ ለምዷቸዋልና መልስ መሆናቸውን እንኳ ረስተናል። አራቱን ጥያቄዎች ለይቶ ያወቀ ሰው ማንኛውንም ብራውዘር በአንድ ቀን ይገራዋል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበትና ዳታ በፓኬጅ በሚገዛበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ከአራቱ ገንዘብ የሚያስወጣው የመጨረሻው ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንቆያለን።

ገጹ አንድ፣ ታቡ ልዩ ልዩ የሆነበት ምክንያት

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ በብዛት ይሠራባቸው የነበሩት ብራውዘሮች ለእያንዳንዱ ገጽ የየራሱን መስኮት ይከፍቱ ነበር። አምስት ገጽ ማንበብ የፈለገ አምስት መስኮት ይደረድራል። በአንድ መስኮት ውስጥ ብዙ ገጾችን በታብ መያዝ በትናንሽ ብራውዘሮች ሲሞከር ቆየና፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 የወጣው ፋየርፎክስ 1.0 ለብዙ ሰው አስተዋወቀው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ታብ ያገኘው በሰባተኛው እትሙ፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2006 ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2008 የመጣው ክሮም ደግሞ ታቦቹን ከመስኮቱ ጫፍ ላይ አውጥቶ፣ አንዱ ሲበላሽ ሌሎቹን ይዞ እንዳይወድቅ በተለያዩ የኮምፒውተር ሂደቶች ከፋፈላቸው።

አንድ ድረ ገጽ በየብራውዘሩ ተመሳሳይ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርጉ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች አሉ። ጽሑፉ የት እንደሚያርፍ፣ ሥዕሉ እንዴት እንደሚታይ፣ ሊንኩ ወዴት እንደሚወስድ እዚያ ተደንግጓል። አዲስ ታብ በመደዳው ጫፍ ይቀመጥ ወይስ ከጎን፣ የኪቦርድ ቁልፉ ወደ ቀኝ ይውሰድ ወይስ ወደ ቀድሞው ገጽ የሚለው ግን ለየብራውዘሩ ሠሪ የተተወ ነው። ስለዚህ ጂሜይል በሁሉም ዘንድ ጂሜይል ሆኖ ይታያል፤ ጂሜይልን የያዘው ታብ ግን በየቤቱ ጠባዩ ይለያያል። (የክሮምን ሜኑ በአማርኛ ያደረጉ አንባቢዎች ታብን «ትር» በሚል ስም ያገኙታል፤ የምናወራው ስለዚያው ነው።)

አዲሱ ታብ የት ይገባል?

ኮንትሮል + ቲ ሲጫኑ ባዶ ታብ ይከፈታል። በክሮም፣ በኤጅና በፋየርፎክስ ይህ ባዶ ታብ የሚቀመጠው በመደዳው የመጨረሻ ጫፍ ነው። ከአንድ ገጽ ውስጥ ሊንክ ይዘው በአዲስ ታብ ሲከፍቱ ግን አዲሱ ታብ ጫፍ ድረስ አይሄድም፤ ካሉበት ታብ አጠገብ ይገባል። ከዚያው ገጽ ሁለተኛ ሊንክ ቢከፍቱ ከመጀመሪያው ቀጥሎ ይሰለፋል። ሐሳቡ ከአንድ ገጽ የተወለዱት ታቦች አንድ ላይ ይሁኑ ነው። «ታቤ ጠፋ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ጫፍ ላይ የሚፈልገው ታብ አጠገቡ ተቀምጧል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ዓይናችን የት ይሁን ነው። ኮንትሮልን ይዘው ሊንክ ሲጫኑ ገጹ ከኋላ ይከፈታል፤ እርስዎ ካሉበት አይንቀሳቀሱም። ሺፍትን ቢጨምሩበት ወዲያው ወደ አዲሱ ይወስድዎታል። ፋየርፎክስ በሴቲንጉ ውስጥ፣ በአዲስ ታብ የተከፈተ ሊንክ ምንጊዜም ወዲያው ፊት እንዲመጣ የሚያደርግ ምርጫ አለው። የሰው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ነገሩ ከለመዱት ሲለይብዎ፣ የቀድሞው ባለቤት ይህን ምርጫ አብርቶት ሊሆን ይችላል።

ከኋላ መክፈት ዘገምተኛ ኔትወርክ ላለው ሰው ትልቅ ጥቅም አለው። ጋምቤላ ውስጥ ሥራ ፈላጊው የሚከታተለው ማስታወቂያ ብዙው የዕርዳታ ድርጅቶች ነው፤ ኩሌ፣ ቴርኪዲ ወይም ጀዊ የስደተኞች መጠለያ የሚሠራ የጤና ባለሙያ፣ መምህር፣ የውኃና ንጽሕና ሠራተኛ ይፈለጋል የሚል። ኢትዮጆብስ በሚባለው የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ ዝርዝሩን የከፈተ ሰው የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ተጭኖ፣ እስኪመጣ ጠብቆ፣ አንብቦ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ዝርዝሩ እንደገና እስኪጫን የሚጠብቅ ከሆነ ከሰዓቱ እኩሌታው በመጠበቅ ያልቃል። የሚፈልጋቸውን አምስት ማስታወቂያዎች ኮንትሮል ይዞ በተከታታይ ቢጫናቸው ግን፣ አንደኛውን እያነበበ ሌሎቹ ከኋላ ይጫናሉ፤ ዝርዝሩም ከቦታው አይነቃነቅም።

እዚህ ላይ ጀማሪዎችን በጣም የሚያውከው ወደ ኋላ የሚመልሰው ቀስት ነው። አንዳንድ ድረ ገጽ ሊንኩን ራሱ በአዲስ ታብ እንዲከፈት አድርጎ ያዘጋጀዋል። ተጠቃሚው ታብ እንደተቀየረ ሳያስተውል ወደ ኋላ ለመመለስ ቀስቱን ይጫናል፤ ቀስቱ ግን ደብዝዟል፣ አይሠራም። ብልሽት የለውም። እያንዳንዱ ታብ የሚያስታውሰው የራሱን መንገድ ብቻ ነው፤ ይህ ታብ ደግሞ አሁን የተወለደ ስለሆነ ወደ ኋላ የሚሄድበት ታሪክ የለውም። የመጡበት ገጽ በግራ በኩል፣ በራሱ ታብ ላይ እንዳለ ነው። አዲሱን ታብ በኮንትሮል + ደብልዩ ዘግተው ወደዚያው ይመለሱ።

ሲዘጋ የት ያርፋሉ?

ሊንኩ በቀጥታ ወደ አዲስ ታብ ወስዶዎት፣ አንብበው ወዲያው ከዘጉት፣ ክሮምም ፋየርፎክስም ወደ መጡበት ገጽ ይመልሱዎታል። መሀል ላይ ወደ ሌላ ታብ ሄደው ከተመለሱ በኋላ ቢዘጉት ግን የመጡበት ክር ይበጠሳል፤ ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚያርፉት በስተቀኝ ባለው ጎረቤት ታብ ላይ ነው። አንድ ዓይነት ቁልፍ ተጭነው ሁለት ዓይነት ውጤት የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ታብ ብቻ ቀርቶ እሱንም ሲዘጉት መስኮቱ በሙሉ ይዘጋል። ኮንትሮል + ደብልዩን ደጋግሞ መጫን የለመደ ሰው አንዷን አብዝቶ ብራውዘሩን ሁሉ ያጣዋል። ለዚህና ለመሰል ድንጋጤዎች ሁሉ መድኃኒቱ ኮንትሮል + ሺፍት + ቲ ነው፤ መጨረሻ የተዘጋውን ታብ ያስነሳል፣ ደግመው ሲጫኑት ከእሱ በፊት የተዘጋውን፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል። በክሮም፣ በኤጅ፣ በኦፔራና በፋየርፎክስ አንድ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ አንባቢ ቢኖር ይህን ይያዝ።

ከእሱ አጠገብ ያለች አንዲት ወጥመድ አለች። በክሮምና በኤጅ ኮንትሮል + ሺፍት + ኤን የግል መስኮት ይከፍታል፤ ታሪክ የማይመዘግበውን፣ ክሮም «ማንነት የማያሳውቅ» የሚለውን። በፋየርፎክስ ግን ያው ቁልፍ የሚሠራው ሌላ ነው፤ መጨረሻ የተዘጋውን መስኮት መልሶ ያመጣል። የፋየርፎክስ የግል መስኮት የሚከፈተው በኮንትሮል + ሺፍት + ፒ ነው። ኢንተርኔት ቤት ገብቶ በለመደው ጣት ኤንን የተጫነ ሰው፣ ሌላ ሰው የዘጋውን መስኮት አይቶ «ግል ነኝ» ብሎ የባንክ ወይም የኢሜይል ፓስዎርዱን ሊያስገባ ይችላል። የፋየርፎክስ የግል መስኮት ወይን ጠጅ ቀለም ባለው ምልክት ይታወቃል፤ ምልክቱን ሳያዩ ፓስዎርድ አያስገቡ። በግል መስኮት የተዘጋ ታብ ደግሞ መስኮቱ ራሱ ከተዘጋ በኋላ በኮንትሮል + ሺፍት + ቲም አይነሳም፤ የተሠራው እንዳይመዘገብ ነውና።

ከታብ ወደ ታብ

ብራውዘር የለወጠን ሰው ከሁሉ በላይ የሚያናድደው ኮንትሮል + ታብ ነው። በምሳሌ እንየው። በጋምቤላ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ሪፖርት የሚያዘጋጅ ባለሙያ ግን በአንድ ቀን ውስጥ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ኑዌርኛ ወይም አኙዋክኛ ሊያስፈልገው ይችላል። ሦስት ታብ ከፍቷል እንበል፤ በግራ ኢሜይል፣ መሀል ላይ የሚጽፈው ሪፖርት፣ በቀኝ የጎግል መተርጎሚያ። (መተርጎሚያው እ.ኤ.አ. በ2024 በርካታ ቋንቋዎችን ሲጨምር ኑዌርኛም አብሮ ገብቷል።)

በክሮም ኢሜይሉ ላይ ሆኖ ኮንትሮል + ታብ ሲጫን ሪፖርቱ ይመጣል። ደግሞ ሲጫን መተርጎሚያው፣ ሦስተኛ ሲጫን ተመልሶ ኢሜይሉ። መንገዱ እንደ መደዳው ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሄዶ ከጫፍ ሲደርስ ይዞራል። በአዲስ መልክ የተጫነ ፋየርፎክስ ግን በመደዳው አይሄድም፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ለአዲስ ተጠቃሚ ቅደም ተከተሉ በቅርብ የታየው ይቅደም የሚል ነው። ባለሙያችን አሁን መተርጎሚያው ላይ ቢሆን፣ ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ ኢሜይሉ ላይ ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ሲጫን መሀል ያለውን ሪፖርት ዘሎ ኢሜይሉ ላይ ይወድቃል። ጣቱን አንሥቶ ደግሞ ሲጫን ወደ መተርጎሚያው ይመለሳል። ሪፖርቱ ጋ ለመድረስ ኮንትሮልን ሳይለቅ የታብን ቁልፍ ሁለት ጊዜ መጫን አለበት።

ሁለቱም የየራሳቸው ሙያ አላቸው። በሁለት ገጾች መካከል ለሚመላለስ፣ ለምሳሌ ከአንዱ እያነበበ በሌላው ለሚጽፍ ሰው የፋየርፎክሱ መንገድ ፈጣን ነው፤ ሁለቱ ገጾች በመደዳው ላይ ቢራራቁም አንድ ጭነት ይበቃል። ታቦቹን ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ለሚጨርስ የክሮሙ ይቀናል። ፋየርፎክስን እንደ ክሮም ማድረግ የፈለገ፣ ሴቲንግ ከፍቶ በአጠቃላይ ክፍሉ ስለ ታብ በሚናገረው ቦታ የመጀመሪያዋን የኮንትሮል + ታብ ምልክት ያንሣ። ሴቲንግ መንካት የማይፈቀድበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ኮንትሮል + ፔጅ ዳውን በሁለቱም ብራውዘር ምንጊዜም ወደ ቀኝ፣ ኮንትሮል + ፔጅ አፕ ወደ ግራ ይወስዳል። ኮንትሮልን ከ1 እስከ 8 ካለ ቁጥር ጋር በዊንዶውስ ላይ ሲጫኑ በዚያ ተራ ያለው ታብ ይመጣል፤ ኮንትሮል + 9 የታቦቹ ብዛት ስንትም ቢሆን የመጨረሻውን ያመጣል።

ወደ ኤጅ የተሻገሩ ሌላ ግርታ ይጠብቃቸዋል። ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚያሻግረው ኦልት + ታብ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ባሉ የዊንዶውስ እትሞች ላይ ከወርድና ከኤክሴል ጎን የኤጅን ታቦች እንደ ራሳቸው መስኮት አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ከኤክሴል ወደ ወርድ ልሂድ ያለ የሒሳብ ሠራተኛ መሀል ላይ ሦስት የኤጅ ገጽ ተደቅኖ ያገኛል። ይህን የሚያጠፋው የኤጅ ሴቲንግ ሳይሆን የዊንዶውስ ሴቲንግ ነው፤ ሲስተም ውስጥ ገብተው መልቲታስኪንግ በሚለው ሥር የኦልት + ታብን ምርጫ መስኮቶችን ብቻ እንዲያሳይ ያድርጉት።

የታቦቹ ስፋትም ይለያል። ክሮም ታብ በበዛ ቁጥር እያጠበባቸው ሄዶ በመጨረሻ ትንሿ ምልክት ብቻ ትቀራለች፤ ከአንድ ድረ ገጽ የተከፈቱ ስምንት ታቦች ስምንት መንትያ ይሆናሉ። ፋየርፎክስ ከተወሰነ ስፋት በታች አያጠብም፤ የተረፉት ከጫፍ ወጥተው ይደበቃሉ፤ የሚገኙትም በቀስት ነው። ስለዚህ ከክሮም የመጣ ሰው ፋየርፎክስ ላይ «ታቦቼ ጎደሉ» ሲል ቀስቷን አላያትም ማለት ነው። በክሮም ደግሞ ኮንትሮል + ሺፍት + ኤ የተከፈቱ ታቦችን በስማቸው መፈለጊያ ያመጣል።

ሲጠፋ ምን ይቀራል?

ላፕቶፕ ያለው ሰው መብራት ሲሄድ ባትሪው ጥቂት ጊዜ ያቆየዋል። የቢሮ ዴስክቶፕ ግን ዩፒኤስ ከሌለው ወዲያው ድርግም ይላል። ሲመለስ ብራውዘሮቹ ሁለት ዓይነት ጠባይ ያሳያሉ። ፋየርፎክስ በድንገት መቋረጡን ካወቀ ብዙውን ጊዜ ሳይጠይቅ ታቦቹን ይመልሳቸዋል። ክሮምና ኤጅ ግን ይጠይቃሉ፤ ጥግ ላይ «ገጾቹ ይመለሱ?» የሚል ትንሽ ሳጥን ይወጣል። የቸኮለ ሰው ሳጥኗን ይዘጋትና ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል። ያም ቢሆን አልመሸም፤ ኮንትሮል + ሺፍት + ቲን ይሞክር፣ ካልሆነም ከሜኑው ታሪክ የሚለውን ከፍቶ በቅርብ ከተዘጉት መሀል የቀድሞውን መስኮት ይፈልግ።

በሰላም ሲዘጋስ? ሦስቱም ብራውዘሮች ካልተነገራቸው በቀር በማግሥቱ በባዶ ገጽ ይጀምራሉ። በሦስቱም ሴቲንግ ውስጥ ግን ሲነሣ ካቆመበት እንዲቀጥል የሚያደርግ ምርጫ አለ። በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ይህን ያብሩት። በጋራ ኮምፒውተር ላይ ግን አያብሩት፤ በርቶም ካገኙት ያጥፉት። የሚመልሰው ገጹን ብቻ ሳይሆን ከነገባበት አካውንት ነው፤ ከእርስዎ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ኢሜይልዎን ተከፍቶ ያገኘዋል። መስኮቱን መዝጋት ከአካውንት መውጣት አይደለም፤ ሎግ አውት ብለው ይውጡ።

ቀጥሎ ሊታወቅ የሚገባው፣ የተመለሰው ታብ የያዘው አድራሻውን እንጂ ገጹን አለመሆኑ ነው። ገጹ እንደገና ከኢንተርኔት ይመጣል። መብራቱ መጥቶ ኔትወርኩ ገና ከሆነ ታቦቹ በሙሉ «ኢንተርኔት የለም» ይላሉ፤ ክሮም ላይ ትንሿ ዳይኖሰር ትታያለች። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተበሳጭቶ ይዘጋቸዋል። አይዝጉ፤ አድራሻው በታቡ ውስጥ አለ፤ ኔትወርኩ ሲመለስ ሪፍሬሽ ይበቃዋል።

ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው እዚህ ላይ በብራውዘሮች መካከል ያለው ልዩነት ኪሱን ይነካል። ፋየርፎክስ ሃያ ታብ ቢመልስ እንኳ የሚጭነው ከፊት ያለውን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ እስኪነኩ ድረስ ዳታ አይወስዱም። ክሮም ግን ከፊት ያለውን አስቀድሞ ሌሎቹንም ከኋላ መጫን ይቀጥላል። የዛሬ ድረ ገጽ በአማካይ ከ2 ሜጋባይት በላይ ይመዝናል፤ አሥር ታብ ዳግም ሲጫን ቀደም ሲል በኮምፒውተሩ የተቀመጠ ነገር ካላገዘው ከ20 ሜጋባይት በላይ ይሄዳል ማለት ነው። መብራት በቀን ሁለት ጊዜ የሚሄድበት ቀን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ብራውዘሩ ሳይጠፋም ታብ ሊባዝን ይችላል። ክሮም ሜሞሪ ቆጣቢ የሚለው ምርጫ አለው፤ ሲበራ ለረጅም ጊዜ ያልተነካን ታብ ከሜሞሪ ያወጣዋል። ታቡ በመደዳው ላይ ይታያል፤ ግን ነጠላውን ወንበር ላይ ጥሎ እንደወጣ ሰው ነው፤ ቦታው ተይዟል፣ ሰውዬው ግን የለም። ሲነኩት ከኢንተርኔት ተጠርቶ ይመጣል። ኤጅ ደግሞ ታቦችን ያስተኛል፤ የተኛ ታብ ሜሞሪና ፕሮሰሰር መብላቱን ይቀንሳል፣ ሲነኩትም አብዛኛውን ጊዜ ካለበት ይነቃል። የጋምቤላ ሙቀት በበጋው መጨረሻ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ላፕቶፕ ራሱን ለማቀዝቀዝ ይቸገራል፤ ከኋላ የሚሠሩ ታቦች በቀነሱ ቁጥር ማሽኑም ይቀዘቅዛል፣ ባትሪውም ይበረክታል። ስለዚህ ምርጫውን ማጥፋት አይመከርም። በሁለቱም ብራውዘር ግን «ይህን ድረ ገጽ አትንካብኝ» ብሎ አድራሻ የሚመዘገብበት ቦታ አለ። ሥራዎ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያስፈልግዎትን አንድ ሁለት ገጽ እዚያ ይጻፉ።

ፎርም የሚሞላ ሰው ከዚህ ሁሉ አንድ ትምህርት ይውሰድ። የተመለሰ ታብ በውስጡ የተጻፈውን መልሶ ያመጣል ብሎ መተማመን አይቻልም። የሥራ ማመልከቻም ሆነ የትምህርት ምዝገባ ረጅም መልስ ሲጠይቅ፣ መጀመሪያ ወርድ ወይም ኖትፓድ ላይ ጽፈው ሴቭ ያድርጉ፤ ከዚያ ኮፒ አድርገው ያስገቡ። ደጋግሞ የሚነበብ ገጽ ደግሞ በኮንትሮል + ኤስ በኮምፒውተሩ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ታብ ተከፍቶ መዋሉ ራሱ አያስፈልግም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲለቀቅ የሚታየውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ተማሪዎች የውጤት መመልከቻውን ገጽ በአምስት በስድስት ታብ ከፍተው ሁሉንም በየተራ ሪፍሬሽ ያደርጋሉ፤ አንዱ ባይመጣ ሌላው ይመጣል በሚል ተስፋ። ስድስቱም ታቦች የሚሄዱት በአንድ መስመር፣ የሚጠይቁትም አንድ ሰርቨር ነው። የተጨናነቀውን መስመር ስድስት እጥፍ ያጨናንቁታል እንጂ አያፈጥኑትም። አንድ ታብ፣ በትዕግሥት ይበቃል፤ ውጤቱን በአጭር የጽሑፍ መልዕክትና በቴሌግራም ቦት ማየት ሲቻል ደግሞ ያ ይቀላል።

ስልክ ላይ

ከኦፔራ ሚኒ ወደ ክሮም የሄደ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል፤ ዳታው ቶሎ ያልቃል፣ ታቦቹም ደጋግመው ይጫናሉ። ኦፔራ ሚኒ በዳታ ቆጣቢ አሠራሩ ገጹን መጀመሪያ ወደ ራሱ ሰርቨር ወስዶ ጨምቆ ይልከዋል። ክሮምም በአንድሮይድ ላይ የሚመስለው ነገር ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ግን አቋርጦታል። የታቦቹ ዳግም መጫን ምክንያት ደግሞ ሜሞሪ ነው። አነስተኛ ሜሞሪ ያለው ስልክ ላይ ክሮምን ትተው ቴሌግራም ሲከፍቱ፣ አንድሮይድ ቦታ ለማስለቀቅ ከኋላ ያለውን ክሮም ሊያጠፋው ይችላል። ሲመለሱ ገጹ ከዜሮ ይጫናል። የሚፈልጉትን ገጽ ከክሮም ሜኑ ዳውንሎድ ምልክቱን ነክተው ቢያስቀምጡት ያለ ኔትወርክም ይከፈታል።

በስልክ ታቦቹ በመደዳ አይታዩም፤ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ አራት ማዕዘን ናት ብዛታቸውን የምትናገረው። ከ99 ሲያልፉ ክሮም ቁጥሩን ትቶ የፈገግታ ምልክት ያደርግበታል። የስልኩ ወደ ኋላ መመለሻም እንደ ኮምፒውተሩ ቀስት ደብዝዞ አይቀርም፤ ከሌላ ታብ የተወለደ ታብ መነሻው ላይ ሆነው ወደ ኋላ ሲሉ ታቡን ዘግቶ ወደ ወላጁ ይመልስዎታል።

ከቴሌግራም የተከፈተ ሊንክ ደግሞ በክሮም ታቦች ውስጥ አይገኝም። ቴሌግራም ገጹን በራሱ ውስጥ ከፍቶ ስለሚያሳይ፣ ሲወጡ አብሮ ይሄዳል። «ትናንት ያነበብኩት ገጽ የት ገባ?» የሚል ሰው ክሮምን ሳይሆን መልዕክቱ የመጣበትን ቻናል ይፈልግ። ገጹን ማቆየት ከፈለጉ ከሦስቱ ነጥቦች ሜኑ ላይ በብራውዘር ክፈት የሚለውን ይምረጡ፤ ያኔ እውነተኛ ታብ ይሆናል።

ሲሻገሩ ይዘው የሚሄዱት

ቡክማርክና ፓስዎርድ ከአንዱ ብራውዘር ወደ ሌላው መውሰድ ቀላል ነው፤ አዲሱ ብራውዘር ሲጫን በአብዛኛው ራሱ ይጠይቃል። የተከፈቱ ታቦች ግን ብዙውን ጊዜ አብረው አይሻገሩም። ኮምፒውተሩ ፎርማት ሊደረግ ከሆነ ከዚያ በፊት ኮንትሮል + ሺፍት + ዲን ይጫኑ፤ የተከፈቱት ታቦች በሙሉ በአንድ የቡክማርክ ፎልደር ይገባሉ። ቀጥሎ ቡክማርኮቹን በፋይል አውጥተው በፍላሽ ይያዙት። ለዚህ ኔትወርክም አካውንትም አያስፈልግም፤ ፋይሉንም ክሮም፣ ኤጅና ፋየርፎክስ ሁሉም ያነቡታል። የቢሮ የአይቲ ባለሙያም ፎርማት ከማድረጉ በፊት «ዶክመንትህን ኮፒ አድርገሃል?» ብሎ እንደሚጠይቀው ሁሉ «ታቦችህንስ?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ቅሬታ ይቀንስለታል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው፣ የትኛውን ልዩነት በሴቲንግ ማስተካከል፣ የትኛውን ደግሞ መልመድ እንደሚሻል መለየት ነው። ኮምፒውተሩ የራስዎ ከሆነ ሦስት ነገር ያስተካክሉ፤ ካቆመበት እንዲቀጥል ያድርጉት፣ ኮንትሮል + ታብ እንደለመዱት እንዲሄድ ይንገሩት፣ ከሜሞሪ እንዳይወጡ የሚፈልጓቸውን ገጾች ይመዝግቡ። ጋምቤላ ውስጥ ግን ብዙ ሰው ጠዋት ቢሮ፣ ከሰዓት ላብ ወይም ኢንተርኔት ቤት፣ ማታ ስልክ ላይ ነው የሚሠራው፤ ሴቲንጉ ከማሽኑ ጋር ይቀራል፣ ተከትሎት አይሄድም። እንዲህ ላለው ሰው ትርፉ በሁሉም ኮምፒውተር አንድ የሆኑትን ቁልፎች መልመድ ነው፤ ለመክፈት ኮንትሮል + ቲ፣ ለመዝጋት ኮንትሮል + ደብልዩ፣ የተዘጋውን ለማንሣት ኮንትሮል + ሺፍት + ቲ፣ ለመሄድ ኮንትሮል + ፔጅ ዳውን፣ ሁሉንም ለማስቀመጥ ኮንትሮል + ሺፍት + ዲ። አምስቱ በጣቱ የገቡለት ሰው ነገ ቢሮው የትኛውን ብራውዘር ጭኖ ቢያስረክበው ሥራው አይስተጓጎልም።